የወደቀ ሾላ ጥላ

በመተማ ቆላ የጥቅምት ፀሐይ እንዴት እንደምታቃጥል ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ዶሮዎቻችን የሚጥሉት እንቁላል ተቀቅሎ ነበር የሚወጣው። ጨው ይዞ የመጣ ሁሉ ይመሰክርልኛል። በደርግ ጊዜ እዚያ በአንድ የመንግሥት እርሻ ትራክተር እነዳ ነበር። ጫካው ሲመነጠር ለጥላ የተረፉት አንድ ግራርና አንድ ሾላ ናቸው። ግራሩ በነፋስ ወድቆ የነዳጅ በርሜላችንን እንደ ጣሳ ከጨፈለቀ በኋላ ሾላው ብቻውን ቀረ። ከሥሩ የሚተኙት በወባ የታመሙ ቀን ሠራተኞች ነበሩ። ወደ ሸሕዲ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው መኪና ያለ ወታደር እጀባ አይንቀሳቀስም፤ እጀባው ደግሞ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው።

ሾላው ወደ በሽተኞቹ ማዘንበል ጀመረ።

«ስትመነጥር የኖርክ አንተ ነህ። እየውና ወይ ይቆማል በለኝ፣ ወይ ጣለው» አለኝ ሥራ አስኪያጁ።

ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ እየመታሁ ዞርኩት። ውስጡ ቢበሰብስ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር፤ ድምፁ ግን ድፍን ነው። ቅጠሉም ለምለም። ያስፈራኝ መሬቱ ነው። የትራክተሩ ማረሻ ዲስክ እስከ ግንዱ ድረስ ሲያርስ በወዲያኛው በኩል ያለውን ሥር ቆራርጦታል። መረሬ አፈር በፀሐይ ሁሌም ይሰነጠቃል፤ ይሄኛው ስንጥቅ ግን ነፋስ በመጣ ቁጥር እንደ አፍ ይከፈትና ይዘጋል። ጣቴን ባስገባ የሚነክሰኝ መሰለኝ።

ለድሬሰሩ ነገርኩት። ጠቅላላ ሆስፒታላችን እሱና አንድ የክኒን ካርቶን ነበሩ።

«ሊገድላቸው ይችላል ነው የምትለኝ?»

«ይችላል።»

«ፀሐይዋ ግን ‘ይችላል’ የሚባል ነገር አታውቅም። ትገድላቸዋለች።»

ሸራ ብንወጥር ከሥሩ ዳቦ ይጋገራል። ቅርንጫፉን እንዳንቀንስ፣ ነፋስ የሚይዘውም ጥላ የሚሆነውም ያው ቅጠል ነው። በካቦ፣ በብረት ገመዱ፣ ልሰረው ብል ማሰሪያ የሚሆን ሌላ ዛፍ አላስቀረንም። እየተከራከርን ሳለ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ፤ ስንጥቁም ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። ድሬሰሩም አየው። ከዚያ በኋላ አልተከራከረኝም።

በሽተኞቹን ተሸክመን ወደ ፀሐይ አወጣናቸው። እኔ የተሸከምኩት አንድ ጎጃሜ ነበር።

«ቀስ በል እንጂ፣ ጆንያ መሰልኩህ?»

«ጆንያማ ሰሊጥ ይይዛል። አንተ ምን ይዘሃል?»

«ወባ። ሙሉ ኩንታል።»

ካቦውን ከዛፉ ቁመት አስረዝሜ ግንዱ ላይ አሰርኩና በትራክተር ጎተትኩት። ብዙም ሳያስቸግር ከነሥሩ ተነቀለ። በአንድ ወገን ያለው ሥር በቢላ እንደተከረከመ ነበር። ልክ ነበርኩ፤ ማንም ግን ደስ አላለውም። ሥራ አስኪያጁ ሥሩ የተወውን ጉድጓድ አይቶ «ትራክተር ይገባበታል፤ ድፈኑት» ብሎ ሄደ።

ጎጃሜው በእንብርክኩ ወደ ወደቀው ዛፍ ሲሄድ አየሁት።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ጥላዬ።»

«ወድቋል እኮ!»

«ወንድምዓለም፣ ወድቆ ከጨረሰ ከእንግዲህ ወዴት ይወድቅብኛል?»

የወደቀ ግንድ ይንከባለላል እንጂ። በሁለቱም ጎን ጉማጅ ወሽቄ፣ በትራክተር ገፍቼ ሞከርኩት፤ አልተነቃነቀም። የተሰበሩትንና የተንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች ቆርጬ ካወረድኩ በኋላ በሽተኞቹን ቅጠሉ መሐል አስገባናቸው። ከሸራ ይሻል ነበር። ግን ቅጠሉ ወዲያው መጠውለግ ጀመረ። ጥላው በሳሳ ቁጥር ሰዎቹን ቅጠል ወዳለበት ቅርንጫፍ እናዛውራለን። ጎጃሜው መንቀጥቀጡ ባሰበት።

«መኪናው መጣ?» አለኝ አንድ ቀን።

መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም። «መጣ እንጂ! ከዚህ ሆኜ የሹፌሩ ጢም ይታየኛል።»

«ተላጭቷል?»

«ግማሹን።»

ሊስቅ ሞክሮ ሳል ያዘው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ድሬሰሩ ጠራኝ። በጎጃሜው ደረት ላይ የረገፈውን ደረቅ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ትንፋሽ አልነበረም።

ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፤ መንገዱም ዝግ። የአገሩ ልጆች ሊቆፍሩለት ተነሱ፤ ግን እነሱም ትኩሳት ላይ ስለነበሩ ዶማው ከእጃቸው ይወድቃል። ግማሹን ጉድጓድ ግን ዛፉ ሲነቀል ቆፍሮ ጠብቆን ነበር። እዚያው ጥቂት ጨምረን ቆፈርንና በጋቢው ጠቅልለን አስገባነው። ድሮ ዲያቆን የነበረ አንድ ሠራተኛ ከፍትሐቱ የሚያስታውሰውን ደገመ፤ ሲረሳው ያቆማል፣ እኛም ራሳችንን ደፍተን እንጠብቀዋለን።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ጉድጓዱ መሞላቱን አየና አፈሩን በጫማው ጠቅጠቅ አድርጎ «ጎበዝ» አለን።