«መሐንዲስ አላውቅም» ያሉኝ ጊዜ

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ፣ ወገኖቼ። ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ሦስት እሑድ ሙሉ እጄን ላነሳ ስል መልሼ አውርጄዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልናገር ከዚህ ቤት አልወጣም ብዬ ነው የመጣሁት። ለጎረቤት እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ ስለማደርግ እናንተ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ያደግሁት እዚሁ አቃቂ ነው። አባቴ ገና በሕፃንነቴ ስላረፈ ያሳደገችኝ እናቴ ወይዘሮ አስካለ ናት፤ በክር ፋብሪካው ፈትል ክፍል ቀኑን ሙሉ ቆማ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች። ምሕንድስና ኮሌጅ የገባሁ ጊዜ የፈትል ክፍል ሴቶች እልል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ ተረሳ። ሕፃን ሽማግሌው «መሐንዲሱ» ይለኝ ጀመር።

እኔ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ በስሕተት የገባሁ ነበር የሚመስለኝ። ጓደኞቼ አዳሪ ትምህርት ቤት ያደጉ፣ ከፈረንጅ መምህር ጋር በእንግሊዝኛ እየተሳሳቁ የሚከራከሩ ናቸው። እኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር እንኳ አልጠይቅም፤ የጠየቅሁ ቀን ይታወቅብኛል ብዬ። ስላይድ ሩል የሚባለውን የማስሊያ ዘንግ እነሱ ሲያሰሉበት እኔ በወገቤ አንጠልጥዬው እዞር ነበር። ታዲያ እንዴት አለፍክ ትሉኝ ይሆናል። የዓምናና የካቻምናን ፈተና እየሰበሰብኩ አሠራሩን እሸመድድ ነበር። ቁጥሩ ቢቀየር እንጂ ጥያቄው ብዙም አይቀየርም። ሦስት ዓመት በዚህ ዘለቅሁ። መምህር ስሜን በጠራ ቁጥር «አሁን አለቀልኝ» እላለሁ። ሆዴን ያመኝ ጀመር። ሐኪሙ መርምሮ ምንም አላገኘብኝም፤ የሚያስጨንቅህ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ የለም አልኩት። ለሐኪም እንኳ ዋሸሁ፣ ወገኖቼ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምት ለልምምድ የተመደብኩት እናቴ የምትሠራበት ፋብሪካ ሆነ። በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሳልፍ ብድግ ይሉልኛል። እኔ ደግሞ በዚያው መጠን ውስጤ ያንሳል።

ጋሽ ደምሴን ያወቅኋቸው ያኔ ነው። ያው እዚያ ጥግ የተቀመጡት ናቸው። የፋብሪካው መካኒክ ነበሩ። ሠራተኛው «ጴንጤ» እያለ ያሾፍባቸዋል፤ እሳቸው ቡሎናቸውን ያጠብቃሉ። ከእኔ ጋር ሲሠሩ ግን ስለ ማሽኑ የማላውቀውን ሁሉ ሳያሳፍሩ ያሳዩኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው፣ ጠራኝ። አዲስ ሞተር መጥቷል፤ እጅግ ከባድ ነው። በፈትል ክፍሉ ጣሪያ ሥር ባለው አሮጌ አግዳሚ ብረት ላይ በሰንሰለት አንጠልጥለው ሰኞ ጠዋት ሊያነሱት ፈልገዋል። ዋና መሐንዲሱ፣ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ፣ ያን ቀን አልነበሩም። ካቦው ወደ ላይ እያየ ይህ ብረት ይችለዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ትምህርት ተምሬዋለሁ። በጥሩ ውጤትም አልፌዋለሁ። ግን አላውቀውም። ሠራተኛው ከቦ አፍ አፌን ያየኛል። እናቴም ከማሽኗ ዞር ብላ ታየኛለች። ቀና ብዬ ብረቱን ያስተዋልኩ መሰልኩና «ይችላል» አልኩ። ካቦው አመስግኖኝ ሄደ። ሞተሩ ሲነሣ ከሥር ቆመው አቅጣጫ የሚያስይዙት ጋሽ ደምሴ መሆናቸውን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ሦስት የተለያየ መልስ መጣልኝ። እናቴ ምሳ አቅርባ ብትጠብቀኝም እህል አልወርድ አለኝ።

በማግስቱ እሑድ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ወዳለው የጋሽ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ለመጸለይ አይደለም። በሚስጥር ላስጠነቅቃቸውና ልመለስ ነበር። ስደርስ እሳቸውና ምእመናን ቤት ውስጥ ተሰብስበው እየዘመሩ ነው። በር ላይ ቆሜ ሲያዩኝ ጋሽ ደምሴ ወጡልኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ነገ ከሞተሩ ሥር አይቁሙ» አልኳቸው።

«ለምን?»

«ዝም ብለው ይመኑኝ፤ አይቁሙ።»

«እኔ ባልቆም ሌላ ሰው ይቆማል» አሉኝ። «እሱንስ ማን ይነግረዋል?»

ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ብረቱን፣ ሽምደዳውን፣ የሆዴን ሕመም፣ ሦስቱን ዓመት። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉና «ልጄ፣ አንተ ራስህን ደብቀህ ጌታ ማንን ያግኝ?» አሉኝ።

ይህን ቃል እስከዛሬ አልረሳሁትም። ገብቼ ከምእመናኑ መካከል ተንበረከክሁ። ጌታ ሆይ፣ መሐንዲሱን ሳይሆን እኔን ተቀበለኝ አልኩ። የማስመስለው ነገር ሁሉ ከላዬ ወርዶ ያለ ምንም በፊቱ ቀረሁ፤ እሱም አልናቀኝም። ስሙ ይባረክ! ያን ቀን ሕይወቴን ለኢየሱስ ሰጠሁ።

ሰኞ ጠዋት ፍርሃቱ አልጠፋም ነበር። እንደፈራሁ ፋብሪካ ሄድኩ። ሰንሰለቱ ታስሯል፣ ዋና መሐንዲሱም መጥተዋል። ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ እናቴም እየሰማች፣ «ቅዳሜ ይችላል ያልኩት ሳላውቅ ነው። አላውቅም» አልኩ።

ካቦው ተሳደበ። እናቴ አንገቷን ደፋች፤ እሱ ከስድቡ ይልቅ አመመኝ። ሽማግሌው ግን ሥራውን አስቁመው ወደ ቢሯቸው ወሰዱኝ። እርሳስ ሰጡኝና ከማውቀው እንድጀምር ነገሩኝ። ከማውቀው! እንዲህ ያለኝ መምህር አልነበረኝም፤ ጠይቄም አላውቅማ። እስከ ምሳ ሰዓት አብረን ሠራን። ብረቱ እርጅና ስላለበት ያጠራጥራል ብለው ከሥሩ ወፋፍራም የእንጨት ድጋፍ አስቆሙ። ከሰዓት በኋላ ሞተሩ በሰላም ተነሣ።

ያለ ድጋፉ ይወድቅ ነበር ብዬ እንድነግራችሁ የምትጠብቁ ትኖሩ ይሆናል። ያን ጌታ ያውቃል። የእኔ ምስክርነት ስለ ወደቀው ውሸቴ ነው።

ያን ክረምት ሠራተኛው ስም አወጣልኝ፤ «መሐንዲስ አላውቅም» ይሉኝ ነበር። በምሳ ሰልፍ ላይ እየጮኹ ይጠሩኛል። ያሳፍረኝ ነበር፤ አልዋሽም። ግን በሰላም መተኛት የጀመርኩት በዚያ ስም እየተጠራሁ ነው።

ኮሌጅ ስመለስ ወደ መምህሬ ሄጄ ሁለት ትምህርት ከታች ክፍል ጋር ልድገም አልኩ። አልፈሃል እኮ አለኝ። አዎ፣ አልፌዋለሁ፣ ግን አልተማርኩትም አልኩት። ምረቃዬ በአንድ ዓመት ዘገየ። ለእናቴ መናገሩ ጨነቀኝ፤ ከጃንሆይ እጅ ዲግሪ ስቀበል ለማየት ቀን ትቆጥር ነበር። ስነግራት «ልጄ፣ እኔ ክር በተበጠሰ ቁጥር ማሽኑን ጥዬ ብሄድ ኖሮ አንተን በምን አሳድግህ ነበር? ቀጥለው» አለችኝ። ሃሌ ሉያ! የጌታ ድምፅ በእናቴ አፍ መጣልኝ። እምነት መለወጤን ስነግራት ግን አልቅሳለች፤ ዛሬም በራሷ ቤተ ክርስቲያን ናት። አከብራታለሁ፣ እጸልይላታለሁ።

ያን ዓመት ክፍል ውስጥ እጄን የማነሣ እኔ ሆንኩ። የታች ክፍል ልጆች በእንግሊዝኛዬ ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ እየሳቅሁ ጥያቄዬን እጨርሳለሁ። የሆዴ ሕመም መቼ እንደተወኝ እንኳ አላስተዋልኩም። አንድ ቀን እየበላሁ ሳለ ነው ከጠፋ መቆየቱ ትዝ ያለኝ። ጌታ ይመስገን!

ባለፈው ሐምሌ ተመረቅሁ። አሁን እዚሁ አቃቂ እሠራለሁ። ያ የድሮ ድምፅ አልፎ አልፎ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤ የመጣ ቀን ጸልዬ ሥራዬ እገባለሁ። አላቆምም፤ የጠራኝ ጸንቶ ይዞኛልና።

ዛሬ ከመካከላችን በሥራው ይሁን በትምህርቱ ወይም በትዳሩ «የታወቀብኝ ቀን ወዮልኝ» እያለ የሚኖር ካለ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጌታ ዘንድ ድሮ ታውቀሃል። አውቆህ ነው የሚጠራህ። እመነው። አሁን ጋሽ ደምሴ ሊጸልዩ ነው፤ ፊት ለፊት ቦታ አለ፣ ና።