መጋዘንና ሽያጭ የታረቁ ዕለት

እህቴ የሥራ ልምምድ ቦታ ያገኘች ዕለት በሩን አላንኳኳችም፤ በረገደችው። እኔ የደንበኛ ቀሚስ እጅጌ እየገጠምኩ ነበር። "ወሰዱኝ! እታለም፣ ወሰዱኝ!" ስትል መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ሳላስበው አብሬያት እልል አልኩ። እናታችን ደግሞ "ማን ነው የወሰዳት?" እያለች ከጓዳ ክው ብላ ወጣች።

የወሰዳት ቀለምና ሴራሚክ የሚያከፋፍል ድርጅት ነው። ለምኒት የሂሳብ አያያዝ ተማሪ ናት። ለምኒት እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ አፏን ከፈታች ጀምሮ "ለምን?" ከማለት ስላላረፈች ቤት ውስጥ የወጣላት ነው። ትምህርት ቤታቸው ከመጨረሻው ዓመት በፊት ተማሪውን ሁሉ ለአንድ ዓመት ወደ መሥሪያ ቤት ይልካል። ያንን ዓመት ያልሠራ አይመረቅም። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ይሞክርና ካልወደደ ልጁን ለላከው ይመልሳል። የተመለሰ ሌላ ቦታ እስኪያገኝ ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። አምና እዚያው ቤት የተላከው ልጅ ተመልሷል። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዋናዋ ሂሳብ ሹም ከወደደቻት ዓመቱ የለምኒት ነው፤ ካልወደደቻት ደህና ሰንብቺ።

ኮት ሰፋሁላት። "ኪሱ ለምን ከውስጥ ሆነ?" አለችኝ። "ዝም ብለሽ ልበሺ!" አልኳት። ከመስታወቱ ፊት ስትዞር፣ ስትዞር፣ ፒኑን እንኳ ሳልነቅልላት ኮቱን እንደለበሰች ልትተኛ ምንም አልቀራትም።

ማታ ማታ ስትገባ ወሬዋን ለማስቆም ሰማይ ዝቅ መሬት ከፍ ማለት ነበረበት። ቢሮው ከሱቁ በላይ ነው፤ ደረጃው ቀለም ቀለም ይሸታል። እሷ የተቀመጠችው ፎቶ ኮፒው አጠገብ ነው፤ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ጉልበቷ ይሞቃል። ስትደምር ወረቀት እየተፋ የሚሄድ የሂሳብ ማሽን ሰጥተዋታል፤ እሱን ስታወራ ዓይኗ ያበራል። እዚያ ቤት ደግሞ ሰው የሚጠራው በሥራ ክፍሉ ነው። ዕቃ ቤት የሚጠብቁት ሽማግሌ "መጋዘን" ናቸው፣ ባንኮኒ ላይ የምትሸጠው ሴት "ሽያጭ" ናት፣ ሂሳብ ሹሟ "ዋናዋ" ናት። "መጋዘን ዛሬ አሞት ቀረ" ይባላል። እኔ ቢሮውን ሳላየው በቃሌ ያዝኩት።

ሆኖም ሦስተኛው ወር እየተጋመሰ ሲሄድ ወሬዋ ቀነሰ። ዋናዋ ቃል የሚቆጠርባት ይመስል የማትናገር ሴት ናት። ለለምኒት ከማህተም መምታትና ከወረቀት መሰደር በቀር ምንም አልሰጠቻትም። "እታለም፣ በምኔ ትወደኛለች? እኔ እኮ እዚያ ቤት ማህተም ነኝ!" ትለኝ ጀመር። እኔ ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው ነኝ፤ ሄጄ ላናግራት ስል እናቴ ናት የያዘችኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ዋናዋ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ባንክ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች።

"መጋዘንና ሽያጭ አልተስማሙም። እስክመለስ አስታርቂያቸው" አለቻትና ደረጃውን ወረደች።

ለምኒት ልቧ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። በመጨረሻ አመነቻት! ደግሞም እውነት ነው፤ የሁለቱን ኩርፊያ የማያውቅ የለም። ክንድ ለክንድ ቆመው እንኳ በዕቃ መኪናው ሾፌር በኩል ነበር የሚነጋገሩት። "ነጩ ሴራሚክ አለ ወይ በለው።" "አለ በላት።" ሾፌሩ ምስኪን አንገቱ ወዲያና ወዲህ ሲል ይውል ነበር።

ሁለቱንም ጠርታ ከሱቁ ጓሮ፣ የቀለም ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠቻቸው።

"ዋናዋ ናት የላከችኝ። ታረቁ ብላለች።"

የሁለቱም ፊት ተለዋወጠ። "እሷ ጋ ደረሰ?" አለች ሽያጭ።

"ለምን ተጣላችሁ?" አለች ለምኒት፤ ለዚህ ጥያቄስ ማን ብሏት።

"በደንበኛ ፊት ነው ያዋረደችኝ!" አሉ መጋዘን። "'እሱን ከመቀስቀስ ሴራሚኩን ማምረት ይቀላል' ብላ ሰው አሳቀችብኝ።"

"እትዬ፣ ለምን እንደዚያ አልሽ?"

"ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠርቼው ነዋ! ቁጭ ብሎ እያየኝ ዝም አለ።"

"ጋሼ፣ ለምን ዝም አሉ?"

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። "ያን ሰሞን ጆሮዬን ታምሜ ነበር። አንደኛው አይሰማም ነበር። አሁንም ደህና አይደለም።"

ሽያጭ አፏን ያዘች። "ታዲያ ምነው አልነገርከኝም? ዓይኔን ላፈር! ይቅር በለኝ።" ተነስታ አቀፈቻቸው፤ ሁለቱም አለቀሱ፤ ለምኒትም አለቀሰች። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እነዚህን ቢያይ ተረቱን ይመልስ ነበር።

"እኔ የምልሽ" አሉ መጋዘን አፍንጫቸውን እየጠረጉ፣ "ደንበኛ አልፈልገውም ብሎ የሚመልሰው ሴራሚክ የት ገባ? ጭራሽ አይመጣልኝም።"

"እዚያ ነዋ ያለው" አለች ሽያጭ ከላስቲክ ሥር የተደረደረውን ካርቶን እያሳየች። "አንተ ደጃፍ አልደርስም ብዬ እዚሁ አስቀመጥኩት።"

"እኔ ደግሞ ሰው ዕቃ መመለስ ተወ ብዬ!" ሳቁ። ለምኒትም ስቃ እየዘለለች ወደ ቢሮ ወጣች።

ዋናዋ ስትመለስ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ "አስታረቅሽ?" አለቻት።

"አዎ! ተቃቅፈው አለቀሱ።"

"ማን?"

"መጋዘንና ሽያጭ።"

ዋናዋ መነጽሯን አወለቀች። "ልጄ፣ እኔ ሂሳባቸውን ነው ያልኩሽ። መጋዘን ወጣ ያለውና ሽያጭ ሸጥኩ ያለችው አልገጠመም። እያመሳከርሽ ልዩነቱን አግኚ ማለቴ ነው።"

ለምኒት ትምህርቱን የተማረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ነገሩ "ሪኮንሲሌሽን" ነው። የሂሳብ ሰው በአማርኛ "አስታርቂ" እንደሚል ማን ነገራት? ቢሮው በሳቅ ተናጋ። አንዱ ግድግዳ ይዞ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጥታ እያለቀሰች ስትነግረን እናቴ ከት ብላ ሳቀች። የኔ ደም ፈላ። "ምን ያስገለፍጣል? አስታርቂ ተባለች፣ አስታረቀች! እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ" አልኳት። ጉርሻዋን ይዛ ስለ ባልዲው፣ ስለ ጆሮው ነገረችኝ። ከላስቲክ ሥር ያለው ሴራሚክ ጋ ስትደርስ ቃሏ ተቋረጠ።

"ለምን…" አለች። ጉርሻውን ወደ ሳህኑ መለሰችው። "እታለም! ልዩነቱ እዚያ ነዋ! ሽያጭ 'ተመለሰ' ብላ ከሽያጩ ቀንሳዋለች። መጋዘን ግን አልገባላቸውም፤ እሳቸው ዘንድ አሁንም እንደወጣ ነው! ሁለቱ እስካልተነጋገሩ ድረስ እኮ ሂሳቡ ሊገጥም አይችልም!"

የጫማዋን ማሰሪያ እንኳ አላሰረችም። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!" ብዬ ጮህኩባት፤ እሷ መንገዱን አጋምሳዋለች።

ከሰዓት በኋላ ከሁለቱ ጋር ካርቶኑን ቆጥራ፣ እያንዳንዱን ከደረሰኙ ጋር አመሳክራ፣ ለዋናዋ አቀረበች። ገጠመ። ዋናዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "እሺ" አለች። በቃ፣ "እሺ።"

ያን ማታ ቤታችን ውስጥ ከ"እሺ" ሌላ ወሬ አልነበረም። "እሺ ያለችሽ ረዘም አድርጋ ነው ወይስ ቁርጥ አድርጋ?" እላታለሁ። "መካከለኛ" ትለኛለች። "ራሷን ነቀነቀች?" "ማየት ፈርቼ ነበር!" መካከለኛ "እሺ" ምን እንደሆነ እናቴም አላወቀችው።

ውሳኔው የሚነገርበት ዕለት ስልኬን ከስፌት ማሽኑ ጎን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ረፋዱ አለፈ፣ ዝም። ምሳ አለፈ፣ ዝም። አንዱን እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ ፈታሁት፤ መልሼ ገልብጬ ሰፋሁት። መልሰዋታል፤ አፍራ መንገድ ላይ ቀርታለች አልኩ። ከዚያ በኋላ እናቴም ልትይዘኝ አልቻለችም። የሜትር ገመዱ አንገቴ ላይ እንዳለ፣ ክሩ ቀሚሴ ላይ እንደተንጠለጠለ ከነፍኩ። ዘበኛው "ወዴት ነው?" ሲል አልፌዋለሁ። ቀለም ቀለም የሚሸተውን ደረጃ ወጣሁና መነጽር ያደረገችው ሴት ፊት ቆምኩ።

"እርስዎ ኖት ዋናዋ? እኔ እህቷ ነኝ! በአንድ ቃል ስህተት ልጅ አይባረርም! አስታርቂ አሉ፣ እሷ አስታረቀች፤ እርስዎ ራስዎ ስንት ወር አብረዋቸው ሲውሉ መች አስታረቋቸው?" ሌላም ብዙ አልኩ። ትንፋሽ አጥሮኝ ዝም ስል ቢሮው ሁሉ እጁን አቁሞ እያየኝ ነበር።

ዋናዋ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። "ጠዋት ነግሬያታለሁ እኮ" አለች። "ዓመቱን ከእኛ ጋር ናት። ከዚያ የባንኩን ሂሳብ ማስታረቂያ ሰጠኋት፤ ይኸው እስካሁን ቀና አላለችም።"

ዞር አልኩ። ለምኒት ፎቶ ኮፒው አጠገብ፣ እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ሰክታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደምራለች። ያን ሁሉ ጩኸቴን አልሰማችም። ስሟን ጠራሁ፤ ሳትዞር እጇን አነሳችብኝ። ደግሜ ስጠራት ቀና አለች።

"ውይ እታለም! ሳልደውልልሽ! አንዴ ቆይኝ፣ ይህችን ገጽ ልጨርስ።"

ከሕፃንነቷ ጀምሮ እሷን የነካ ሁሉ ከእኔ ጋር ነበር የሚጣላው፤ ዛሬም ልጣላላት መጥቼ የምጣላው ሰው አጣሁ። ደስታው ሊያፈነዳኝ ደርሷል፤ ትንሽም ሆዴን ባር ባር አለው። አንድ ሽማግሌ ወንበር አምጥተው "ተቀመጪ፣ እሷ እንደሆነች ቶሎ አትነሳም" አሉኝ።

እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እስክትጨርስም ጠበቅኋት።