አባቴ የሚሰማው ማርሚታ

የአባቴን ጆሮ የወሰደው ወፍጮ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ በነበረ አንድ ዱቄት ቤት ወጣትነቱን በሙሉ ሠራ። ከዚያ ወጥቶ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነ፤ መፍቻዎቹን በሸራ ቦርሳ ከሞተር ሳይክሉ ጎን አንጠልጥሎ ከቤት ቤት ይዞር ጀመር። ጆሮው ግን በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየራቀው ሄደ። መጀመሪያ የበሩ መንኳኳት ጠፋበት። ቆይቶ የገዛ ሞተሩ ድምፅ ጠፋበት።

ያኔ እኔ ትልቅ ሰው ነበርኩ። ገበያው ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ የምኖረው ከእናቴና ከአባቴ ጋር ነው። እናቴ በልጅነቷ ከጎንደር የመጣች ናት። አባቴ ሱዳናዊ ነው። አማርኛ ከእሷ ተምሯል፤ ወንድና ሴት መለየት ግን እስከ ዛሬ አልሆነለትም። "ሐበሺያ፣ ና!" ብሎ ነው የሚጠራት። እሷም ማረሙን ከተወች ቆይታለች። እኔ ከእሱ ጋር በዐረብኛ፣ ከእሷ ጋር በአማርኛ አወራለሁ። ሦስታችን አንድ ላይ ስንቀመጥ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ የማይታወቅ ወሬ ይወጣል።

ሞተሩን መስማት ሲያቅተው ያጠፋው እየመሰለው ግቢ ውስጥ እየሠራ ትቶት ይገባል። እናቴ ወጥታ ታጠፋለታለች። ማርሽ የሚቀይረው በድምፅ ስለነበር አሁን ያለጊዜው ይቀይራል፤ ሞተሩም ያንገጫግጨዋል። ሐኪም የጆሮ መሣሪያ ሰጥቶት ነበር። ከጥምጣሙ ሥር እያፏጨ አስቸገረኝ ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

አንድ ቀን ለምሳ ዘግይቶ መጣና ሳይቀመጥ የደረሰበትን ነገረን። መንሺያ ድልድይ መሐል ላይ ሞተሩ ጠፍቶበት ነበር። እሱ አላወቀም። ቀስ እያለ ሲቆም መኪኖቹ ከኋላው ጡሩምባቸውን ይነፋሉ፣ እሱ ነዳጅ ለመስጠት እጀታውን ይጠመዝዛል። በመጨረሻ አንድ የረክሻ ሹፌር ከባጃጁ ወርዶ ትከሻውን ነካው።

"'ያ ሐጅ፣ ሞተርህ እኮ ጠፍቷል' አለኝ" አለ አባቴ። "የገባኝም ከንፈሩን አይቼ ነው።"

እናቴ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገች። "መንዳቱን ተወው በቃ" አለችው ጮክ ብላ።

"ሸክማኑን ነው የምቀይረው።"

ሸክማን እዚያ የሚሉት ማርሚታን ነው፤ ከሞተሩ ጭሱን የሚያወጣውና ድምፁን የሚያፍነው ቧንቧ። ጎረምሶቹ ከፋብሪካ የመጣውን አውልቀው በሌላ ይለውጡታል፤ ሲያልፉ መስኮት ይንቀጠቀጣል።

"ያንን የሚያገሳውን?" አለች እናቴ። "በዚህ ሽበትህ?"

"የማያገሳ ከሆነ አልሰማውም" አላት።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔ ውሃ ቀዳሁለት። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተከራከሩም።

ማርሚታውን ለመግዛት ኦምዱርማን ድረስ አብሬው ሄድኩ፤ ጆሮ የሚሆነው ሰው ስለፈለገ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። የሞተር ዕቃ የሚሸጠው ሰው ቧንቧዎቹን ከጣሪያ በሽቦ አንጠልጥሏቸዋል። ከሱቁ በር ላይ ለሙከራ የሚሆን አንድ ሞተር አቁሟል።

"ለልጅህ ነው ያ ሐጅ?" አለው።

"ለራሴ ነው።"

ሻጩ አየኝ። "አይሰማም" አልኩት ቀስ ብዬ። ሰውየው ፈገግታውን ተወና ቧንቧ እየቀያየረ ሞተሩን ያስነሳ ጀመር። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። አንዱ ሲነሳ ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ ሌላውም እንደዚያው። ቀጥሎ አጭርና ወፈር ያለውን ሲገጥምለት እኔ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ በአጠገቡ ያሉት ነጋዴዎችም ዞር ብለው ተቆጡ። አባቴ ብቻ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል።

"ይኼ ነው" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ዓርብ ጠዋት፣ አባቴ መስጊድ ከመሄዱ በፊት፣ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ሥር ሸራ አንጥፈን ሥራ ጀመርን። ወንድም ስለሌለኝ ከልጅነቴ ጀምሮ መፍቻ የማቀብለው እኔ ነኝ። ቧንቧውን ከሞተሩ ጋር የያዙት ሁለት ዳዶዎች ዝገት በልቷቸዋል። አባቴ ጨርቅ ናፍጣ ውስጥ ነክሮ ጠቀለለባቸውና "ያላ፣ ሻይ እንጠጣ" አለ።

"ፍታው እንጂ" አልኩት።

"ዝገት ጊዜ ከሰጠሽው ራሱ ይለቃል ያ ቢቲ፣ ልጄ። ከታገልሽው ብሎኑ ይሰበርብሻል።"

እናቴ ሻዩን ይዛ መጣች። የዓርብ ጾሟ ስለነበር ምስር የሚለቀምበትን ትሪም ይዛለች። ግቢ ውስጥ ካለው አንገሬብ ከሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ቁጭ ብላ ምስር የምትለቅም መሰለች፤ ትሪው ላይ ያለው ምስር ግን ቦታ ሲቀይር አላየሁም። ዓይኗ አባቴ እጅ ላይ ነበር።

ሻዩ ሲያልቅ ዳዶዎቹ ያለ ብዙ ትግል ተፈቱ። ከኋላ የሚይዘውን ብሎን ፈትተን አሮጌውን ማርሚታ ስንስብ ጥቀርሻው ሸራው ላይ ፈሰሰ። አባቴ ከሞተሩ አፍ ውስጥ የተጣበቀውን አሮጌ የመዳብ ቀለበት በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቆ አወጣና አዲሱን አስገባ። ጭስ እንዳያፈስ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ አዲሱን ቧንቧ አስጠግተን፣ እኔ ከኋላ ደግፌ፣ እሱ ዳዶዎቹን በጣቱ ብቻ ላላ አድርጎ አሰራቸው። የኋላው ቀዳዳ ግን አልገጠመም። አባቴ አንድ ቁራጭ ብረት በስቶ ማያያዣ ሠራለት። ሁሉም ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው ዳዶዎቹን አንዴ ይኼንን አንዴ ያንን እያለ በመፍቻ ያጠበቀው።

"አሁን ጥረጊው" አለኝ። "የእጅ ቅባት ካለበት ሲሞቅ ይቃጠልና እድፉ አይለቅም።"

ጨርቅ ለመፈለግ ስነሳ እናቴ ትሪዋን አስቀምጣ ቀደመችኝ። ንጹሕ ጨርቅ አምጥታ ተንበረከከችና ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወለችው፤ የበዓል ብርጭቆ የምታጥብ ነበር የምትመስለው። አባቴ ከላይ ሆኖ ያያት ነበር።

"ሐበሺያ፣ ጎበዝ ነህ" አላት።

ሞተሩን አስነሳው። በጓሮ ያሉት ዶሮዎች ተበተኑ። መጀመሪያ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ወዲያው ጠራ። አባቴ እጁን አነሳና ዝም በሉ የሚል ምልክት ሰጠን፤ እኛ ግን ምንም አልተናገርንም ነበር።

"መጋጠሚያው ጋ ስሚልኝ" አለኝ። "ሲያፈስ ፍስ ፍስ ይላል። እሱ ቀጭን ነው፣ ለእኔ አይደርሰኝም።"

ተጎንብሼ ሰማሁ። ፍስ የሚል የለም። እሱ ግን ግንባሩን አኮማተረ።

"ቫልቩ ላልቷል" አለ። "ጠቅ ጠቅ ይላል። ይኼን ያህል ጊዜ እንደዚህ ሲል ኖሯል ማለት ነው?"

እኔ ጠቅ የሚል ነገር አልለየሁም። እሱ ለይቶታል። ሞተሩን አጥፍቶ ሲቀመጥ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እናቴ ጭሱ ነው ብላ ውሃ አመጣችለት። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ቫልቩን አስተካከለው።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ከአስፋልቱ ጀምሮ ሰማነው። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ጠባብና አሸዋማ ነው። በዚያ መሐል ሲመጣ የቆርቆሮ በሮች ሁሉ አንድ ላይ ይርገበገባሉ። ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታችን አንድ ሳህን ዓሲዳ የሚሉትን ገንፎ ይዛ መጣች። ልጇ በዚያ ሳምንት ወልዳ እሷ ዘንድ ተኝታለች።

"ማሻአላህ፣ የሐጅ ሞተር ጉልበት አገኘ" አለች ለእናቴ። ከተቀመጠች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሕፃኑ ትንሽ ደንገጥ ይላል። ማዓሌሽ፣ አትቀየሚኝ፣ ሌላ ነገር አይደለም።"

እናቴ አፈረች። ጎረቤቲቱ እንደወጣች አባቴን በአማርኛም በዐረብኛም አስረዳችው። ማርሚታውን ያወልቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሱ ግን ጥቂት አሰበና "አራስ አለች ማለት ነው" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አስፋልቱ ጫፍ ላይ ሞተሩን ያጠፋል። ወርዶ እጀታዎቹን ይዞ ያንን አሸዋማ መንገድ እስከ ቤት እየገፋ ይመጣል። ሕፃኑ አድጎ መዳህ ከጀመረ በኋላም አልተወም።

እናቴ ማርሚታው አስፋልቱ ላይ ሲያገሳ ስትሰማ የያዘችውን ሁሉ ትጥልና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ትወጣለች። የት እንደምትሄድ አንድ ቀን ተከትዬ አየሁ። ከአንድ ግንብ ጥግ ትቆምና እሱ ሲያልፍ ከኋላው ገብታ የሞተሩን መቀመጫ ትገፋለታለች። እሱ እርምጃዋን አይሰማም። በራችን ሲደርሱ እሷ ወደ ጎረቤት ትታጠፍና ቆይታ፣ ከገበያ እንደመጣ ሰው ትገባለች።

"ይኼ አዲሱ ሸክማን ሞተሩን አቀለለው" ይለን ነበር አባቴ እራት ላይ። "አሮጌው ብረት ከባድ ነበር።"

እናቴ ወጥ ትጨምርለታለች፤ ወደ እኔ አትዞርም።

ጦርነቱ ሲመጣ ከሰፈሩ የወጣነው በአውቶቡስ ነው። ሞተሩን ከኒሙ ሥር በሸራ ሸፍነን ተውነው፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። ገዳሪፍ ከተማ ገብተን ሁለት ክፍል ተከራየን። አንድ ከሰዓት አባቴና እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ስለቤታችን ስናወራ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና ምስጢር እንደሚነግረኝ ሰው አፉን በእጁ ከለለ።

"እናትሽ ትገፋልኝ ነበር" አለኝ። "ወደ ማታ ስመለስ ፀሐይዋ ከኋላዬ ናት። የእናትሽ ጥላ ከጥላዬ አጠገብ መሬት ላይ ይታየኝ ነበር፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርካትም?"

"ከነገርኳት ታፍርና ትተወዋለች።"

ለእሱ ሹክሹክታ ነበር። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ግን የተናገረው ለሰፈሩ ሁሉ ይበቃ ነበር። ውስጥ ዕቃ ስታጥብ የነበረችው እናቴ የብረት ድስቱን አስቀመጠች። እጇ እንደረጠበ ወጥታ ከኋላው ቆመችና ትከሻውን መታ አደረገችው።

"ተንኮለኛ" አለችው፤ ተመልሳም ገባች።

አባቴ ትከሻው ላይ የቀረውን ውሃ በእጁ ነካ። "ምን አለ?" ብሎ በአማርኛ ጠየቀኝ።

"ተንኮለኛ ነህ አለችህ" አልኩት ጮክ ብዬ።

"ልክ ነው" አለና እግሩን ዘርግቶ ወደ መንገዱ ያይ ጀመር።