ተራራ ሻጩ ቢልልኝ

ካርቱም ውስጥ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ ሰው የሚፈልግ፣ ከጦርነቱ በፊት ከሱቅ አል-ዐረቢ ገበያ ጀርባ ወዳለች አንዲት ጠባብ የጉዞ ቢሮ ጎራ ቢል ይበቃው ነበር። ስሙ ቢልልኝ ነው፤ ሱዳኖቹ ግን ቢላል ይሉታል። ሥራው ለሱዳን ቤተሰቦች የኢትዮጵያን ተራራ መሸጥ ነበር። የሚሸጠውም በአፉ ነው። ሻይ ያስቀርብና የሰሜን ተራሮችን ገደል፣ ጸጉሩን እንደ ካባ የደረበውን ጭላዳ፣ የጎንደርን ግንብ፣ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈሉትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ይደረድረዋል። ደንበኛው ሃይማኖቱን አጥባቂ ከሆነ ወደ ነጃሺ መስጊድ ይዞት ይሄዳል። ያመነታ እንደሆነም፣ «ዕድሜ ልክህን ይህን አባይ ስትጠጣ ኖረህ፣ አንድ ቀን እንኳ እናቱን ሄደህ ሰላም አትላትም?» ይለዋል። በዚህች የማይረታ ካርቱሜ ጥቂት ነበር።

አንድ ነገር ግን ትንፍሽ አይልም፤ ከመተማ ወዲያ ስላለው ቆላ። ሽርሽር የሚሄድ ሰው ስለ ሐሩርና ስለ ወባ መስማት አይወድምና፣ «ከድንበሩ አለፍ እንዳላችሁ ተራራው ይቀበላችኋል» ብሎ ቆላውን በአንድ ትንፋሽ ይዘለዋል። አውቶቡሱ ድንበሩን ሲሻገር ረዳቱ መጋረጃውን ይዘጋል፤ በፍተሻ ሲንገላታ የዋለው መንገደኛም እንቅልፍ ይጥለዋል። ሲነቃ ደጋ ላይ ነው፤ ብርዱ ፊቱን ይዳብሰዋል። «ዋሸኸኝ» ብሎ የተመለሰ ደንበኛ አልነበረም።

የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ያ የሚዘለው ቆላ የገዛ አገሩ መሆኑ ነው። ቢልልኝ የመተማ ገጠር ልጅ ነው። ሰሊጥ ሲያጭድ አድጎ፣ ጢሙ ሳያቀመቅም ወደ ገዳሪፍ ተሻገረ፤ ከገዳሪፍ ካርቱም ገባ፤ እዚያው ሸበተ። የሚሸጠውን ተራራ አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም። ከግድግዳው ፎቶዎችና ከተመላሽ ደንበኞች ወሬ ነው የለቃቀመው። የት ተወለድክ ሲሉት «ጎንደር» ይላል፤ በቆላነቱ ያፍራል።

ከአድማጮቹ ሁሉ የሚወዳቸው ኡስታዝ ኢክሪማን ነበር፤ ጡረታ የወጡ የዐረብኛ መምህር፣ በሚኖርበት በካላክላ ሰፈርም ጎረቤቱ ናቸው። አስም አለባቸው። ሀቡብ የሚሉት ነፋስ አቧራውን ይዞ በተነሳ ቁጥር ሳምንት ይተኛሉ፤ ሲያገግሙ በከዘራቸው እየተደገፉ ቢሮው ይመጡና፣ «ያላ፣ ያ ቢላል፣ ውሰደኝ» ይላሉ። እሱም በአፉ ይወስዳቸዋል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ያቆማቸዋል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ይተነፍሳሉ። ዘንድሮ እሄዳለሁ እያሉ ትኬት ሳይቆርጡ ዓመታት አለፉ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ቢሮው ተዘረፈ፣ ፎቶዎቹም ከግድግዳው ጋር ነደዱ፤ ቢልልኝ ካላክላ ክፍሉ ውስጥ ተከቶ ቀረ። ጦርነቱ ዓመቱን ሲደፍን፣ ኡስታዝ ኢክሪማ ልጃቸውን ዘሃራን ይዘው አንድ ጠዋት መጡ። የቤተሰቡ ነገር አልሰመረም ነበር። የሚስታቸው የሐጀራ ወንድም ካይሮ ሐኪም አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ ሐጀራም ወደዚያ ካልሄድን ብላ ታለቅሳለች። እሳቸው ግን ወደ ቢልልኝ ተራራ ካልሆነ አሻፈረኝ ብለዋል።

«ካይሮም ያው አቧራ ነው» አሉ፣ በቃልና በቃል መካከል ትንፋሻቸውን እየለቀሙ። «ያ ቢላል፣ በአላህ ብዬሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ። ድንበሩን እንዳለፍን ነው አየሩ የሚቀዘቅዘው?»

ዘሃራ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች። የምትፈልገው አንዲት «አይደለም» ነበረች፤ ያችን ካገኘች አባቷን ይዛ ካይሮ ትገባለች። ቢልልኝም ይህን አላጣውም። ነገር ግን የሽማግሌው ፊት ያን ያህል ጊዜ ጠቁሮ ከርሞ አሁን ገና መብራቱ ነው፤ ያን ብርሃን ማጥፋት አቃተው። ምላሱም የለመደውን መንገድ ያውቃል።

«ከድንበሩ አለፍ እንዳላችሁ፣ ያ ኡስታዝ» አለ። «ኢንሻአላህ።»

የራሱን ውሸት ለፈጣሪ አሸከመው። ዘሃራ ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «ሹክረን» ብላ አመሰገነችው። ተከትሎ ሮጦ ሊጠራቸው አሰበ፤ ከወንበሩ ግን አልተነሳም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የቢልልኝ እያደር ከበደ። ስደተኛ እንደ ሽርሽረኛ መጋረጃ ዘግቶ ደጋ አይገባም፤ መተማ ላይ ይመዘገባል፣ ቆላው ሜዳ ላይ የላስቲክ ድንኳን ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ አትለፍ ይባላል። ቤተሰቡ ወደ መተማ ከተነሳ በኋላ ቢልልኝ ይህን ከሰው ሰምቶ እንቅልፍ አጣ። ካላክላ ኔትወርክ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሰው ሁሉ የሳተላይት ኢንተርኔት ካለው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የሚሰበሰበው። እሱም ወሬያቸውን እየጠበቀ በየቀኑ እየሄደ ይቀመጥ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘሃራ ደወለች።

«ያ ዐሚ ቢላል፣ አጎቴ፣ ተራራው የት ነው?»

ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳው ጥግ ሸሸ።

«መድኃኒቱ አልቋል። አባቴ ድንኳኑን ግለጡልኝ፣ ተራራውን አሳዩኝ ይላል። እኛ የሚታየን ሜዳ ብቻ ነው፤ ምድሩ እሳት ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጌዋለሁ፤ ንገረው።»

ከወዲያኛው ጫፍ እንደ ተቀደደ ወናፍ የሚያፏጭ ትንፋሽ ተሰማ። «ወዴት... ልዙር?»

«ወደ ምሥራቅ፣ ያ ኡስታዝ» አለ ቢልልኝ፣ እንባው እየወረደ። «ጭጋግ ሸፍኖት ነው እንጂ እዚያው ነው።» ከዚያም ወሰዳቸው። በረንዳው ላይ የነበሩት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው እያዩት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ አቆማቸው፤ ውርጭ ያዘለውን ሣር አስረገጣቸው፤ ነፋሱን አስተነፈሳቸው። ሲናገር ሲናገር ፉጨቱ ቀነሰ። እሱም አልተወም።

«በቃ፣ ዐሚ» አለች ዘሃራ። «አሁን አይሰማህም።»

ጥቂት አለቀሰች። ከዚያ ድምፅዋን አበረታች፤ «ተራራው ላይ ቅበሩኝ ብሎናል። ከመግሪብ ሶላት በፊት ማሳረፍ አለብን። መኪና የሚሰጠን ብናገኝ እንደርሳለን?»

«አትደርሱም» አለ። «ሩቅ ነው፣ ዘሃራ። እኔም አይቼው አላውቅም።»

«ይህን ሜዳ ግን ታውቀው ነበር?»

«እዚያ ነው የተወለድኩት።»

ስድቧን ጠበቀ። ብትሰድበው እንዴት በቀለለው! ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። ዘሃራ ግን አፏን ወደ ስልኩ አስጠግታ በሹክሹክታ ተናገረች።

«እናቴ እየመጣች ነው። ካይሮ እንሂድ ብላ ያለቀሰችው እሷ ናት፤ በከንቱ እንደሞተ ከሰማች ትከተለዋለች። ስልኩን ልሰጣት ነው። ለእሱ እንዳወራህለት አውራላት።»

«ዘሃራ፣ እኔ ከእንግዲህ...»

ስልኩ ግን ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ነበር። «ቢላል፣ ልጄ» አለች ሐጀራ፣ ለቅሶ በዘጋው ድምፅ፣ «ኢክሪማን የት እናሳርፈው?»

«እዚያው፣ ሐጃ» አለ ቢልልኝ። «ከተራራው ሥር ናችሁ።»