በቃሬዛ የመጣው የሽንት ቤት መቀመጫ

ይህ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ ምክንያት ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት የከረመበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ብዙ የሚያሳዝን ነገር ያስታውሳል፤ እኔም አለኝ። ከሁሉም በላይ ትዝ የሚለኝ ግን አንድ የሽንት ቤት መቀመጫ ነው። መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔም ስንቴ ስቄበታለሁ።

የምንኖረው ከእናቴ ጋር ሰበታ ነው። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አላስቀምጥ ሲለን ወጥተን እዚህ ትንሽ ቤት ሠራን። እኔ ከተማ እየተመላለስኩ እሠራለሁ፤ እማዬ ቤት ትውላለች። በዚያ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጭቃ አንሸራተታትና ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት ገብቶላት ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ ሁለት ነገር አጥብቆ ነገረኝ። ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳትቀመጥ፣ ውሃ ደግሞ በደንብ እንድትጠጣ።

የእኛ ቤት ሽንት ቤት ለሁለቱም አይመችም። መቀመጫው ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡበት የገዛነው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ። ውሃ ሲለቀቅበት አንድ ባልዲ ሙሉ ውጦ ሌላ የሚጠብቅ ዓይነት ነው። ቧንቧችን ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሱም ደስ ሲለው። ግርግሩ ሲጀመር በጋሪ ውሃ የሚያመጡልን ሰዎችም ቀሩ። ስለዚህ ከሥራ ስመለስ ጉድጓድ ካላቸው ጎረቤት በጀሪካን እቀዳለሁ።

እማዬ ይህንን ሁሉ አልጋዋ ላይ ሆና ታያለች። ጠዋት ጆግ ሙሉ ውሃ አጠገቧ አስቀምጬ እሄዳለሁ፣ ማታ ስመለስ ጆጉ ባዶ ነው። «ጎበዝ» እላታለሁ። ከንፈሯ ግን ይደርቃል፤ ራሴን አዞረኝ ማለትም አበዛች። እራት ሳቀርብ በልቻለሁ ትለኛለች።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ዓይኔ በመስኮቷ ሥር ያለው ጤናአዳም ላይ አረፈ። ግቢው ውስጥ ያለው አትክልት ሁሉ በፀሐይ ከስሏል፤ እሱ ብቻ ጫካ አክሏል። ቆሜ ሳየው ገባኝ። የጆጉን ውሃ በመስኮት እያፈሰሰች ለካ ስታጠጣው ኖራለች።

ገብቼ ጮህኩባት። መጮህ አልነበረብኝም፤ ግን ደንግጬ ነበር። እሷ ረጋ ብላ መለሰችልኝ።

«በጠጣሁ ቁጥር መሄድ ነው። በሄድኩ ቁጥር አንድ ባልዲ ነው። ባልዲውን የምትሸከሚው ደግሞ አንቺ ነሽ። ወገብሽን ሰብሬ እኔ ልድን?»

ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ያንን መቀመጫ በመዶሻ ብመታው ደስ ባለኝ። ሰኞ ዕለት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሌላ ልገዛ አዲስ አበባ ሄድኩ።

የእማዬን ምርኩዝ ይዤ ነው የሄድኩት። ሐኪሙ ከዚህ በታች እንዳትቀመጥ ያለው ቁመት ላይ ክር አስሬበታለሁ። ዕቃው የሚሸጠው መንገድ ዳር ነው፤ መቀመጫዎቹ በር ላይ ተደርድረዋል። እኔም ምርኩዙን እያስጠጋሁ ቁመታቸውን እለካለሁ፣ ከዚያ እንደ እማዬ አንድ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ ምርኩዙን ተደግፌ እነሳለሁ፣ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። አንዲት መንገደኛ ቆም ብላ አየችኝና «እህቴ፣ በር ልዝጋልሽ?» አለችኝ። ባለሱቁ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ውስጥ ገባ።

ሲመለስ ከፍ ያለና ውሃ የሚቆጥብ አንድ አሳየኝ። ላዩ ላይ ሁለት ቁልፍ አለው። «ትንሿ ለትንሽ ጉዳይ፣ ትልቋ ለትልቅ ጉዳይ» አለኝ። «እንደ ድሮው ለሁሉም እኩል አይፈርድም።» ውሃ ሞልቶ ትንሿን ሲጫን የወጣው ውሃ ከአንድ ጆግ ብዙም አይበልጥም። ቁመቱም ልክ ክሩ ላይ ነው። ሌላ መምረጥ አላስፈለገኝም።

ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ካርቶኑን እንደ ተሳፋሪ ወንበር ላይ አስቀመጠልኝ። ሰበታ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን፣ ዓለም ገና ከተማ ስንደርስ ከፊት ጭስ ታየ። ሹፌሩ ከሚመጡት ሰዎች ጋር ትንሽ ተነጋገረና «ከዚህ አያልፍም፣ ውረዱ» አለ። ሁሉም ወርዶ በእግሩ ሄደ። ባጃጅ የሚባል የለም። ካርቶኑ ሲወርድ ተቀደደና ነጭ መቀመጫዬን ይዤ አደባባይ ላይ ቀረሁ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ጭሱ አልነበረም። እማዬ ዛሬም ሳትጠጣ መዋሏን ነበር።

ባዶ የፈረስ ጋሪ እየነዱ አንድ ሽማግሌ መጡ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ ከሰበታ ወዲያ ያለችው የተፍኪ ገበሬ ናቸው፤ እህል አራግፈው ወደ ቤታቸው መመለሳቸው ነው። በማውቃት ኦሮምኛ «አካም ጅርቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸውና ሰበታ እንዲያደርሱኝ ለመንኳቸው። መቀመጫውንም አዩት፣ እኔንም አዩኝ።

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ፤ ታማብኝ።»

ሌላ አልጠየቁም። አብረን ጫንነው። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው እላዩ ላይ ጣሉበት። «እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ገላው አይታይም» አሉ። እኔም እንዳይነቃነቅ በሁለት እጄ አቅፌው አጠገቡ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ መሬታቸው ዳር ቀያሾች መጥተው ችካል እንደተከሉበት፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላቸው አጫወቱኝ።

ጥቂት እንደሄድን መንገዱ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ተጋድሟል፤ በጎን በጎኑ ድንጋይ። ብዙ ወጣቶች ቆመዋል። ፊታቸው የቀልድ አይደለም፤ ሰሞኑን ምን እንዳዩ ማን ያውቃል። አንድ ቀይ ሹራብ የለበሰ ጎረምሳ እጁን አንስቶ ወደ እኛ መጣ። መቀመጫውን ይበልጥ አጥብቄ አቀፍኩት።

ጎረምሳው ጋቢ የለበሰውን ነገር አየ፤ አቅፌው መቀመጤን አየ። ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። ለጓደኞቹ በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገረና «እግዜር ይማርልሽ» አለኝ። «ጋሪው ግንዱን አያልፍም። እኛ እንሸከማታለን።»

«ኧረ ሰው አይደለም» አልኩ። ማን ይስማኝ። ሁለቱ ሮጠው ሁለት አጣና አመጡ፣ ሌሎቹ ገመድ ፈተው ቃሬዛ መጠፈር ጀመሩ። የእኛ አገር ሰው ሕመምተኛ ሲያይ አይጠይቅም፤ ትከሻውን ነው የሚያቀርበው። ቃሬዛው አልቆ ሲቀርብ ቀይ ሹራቡ የታማሚዋን ፊት እንዳያስደነግጥ ቀስ አድርጎ ጋቢውን ገለጥ አደረገ።

ደግሞ ጎንበስ ብሎ አየ። ሌሎቹም አንገታቸውን አስግገው አዩ። ኦቦ ገመቹ ፊታቸውን ሳያጥፉ «የእናቷ ነው» አሉ።

እኔም ፈርቼ ሁሉንም አንድ ላይ ዘረገፍኩት። «ሃዳ ኮ»፣ እናቴ፣ ብዬ በኦሮምኛ ጀመርኩና ሲያልቅብኝ በአማርኛ ቀጠልኩ፤ የዳሌዋን ነገር፣ የባልዲውን ነገር፣ ጤናአዳሙን ሳይቀር። ቀይ ሹራቡ ከንፈሩን ነክሶ ሰማኝ። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ግንዱ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። «ቃሬዛ ከተሠራ ወዲያ ባዶውን አይመለስም፤ ገደ ቢስ ነው» አሉ። ቀይ ሹራቡ እንባውን ጠረገና «አባ እውነታቸውን ነው። የታመመችው እናቷ ናት፤ ይኼም የእሷ ነው። አንሱ» አለ። ኦቦ ገመቹ ፈረሳቸውን ትተው መሄድ አልቻሉም። «ጋቢውን ስትመቺ ታመጪልኛለሽ» ብለው እላዩ ላይ ተዉልኝ።

እንዲህ ሆኖ መቀመጫዬ በአራት ሰው ትከሻ ሰበታ ገባ።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የሚያገኙን ሰዎች ምንም አያውቁም። ሴቶች ቆመው ያማትባሉ፣ ወንዶች ዕቃቸውን አስቀምጠው ትከሻ ይቀይራሉ። የደከመው እየለቀቀ፣ አዲሱ እየገባ፣ መጀመሪያ የተነሱት ወጣቶች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ምስጢሩን የሚያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ።

ከተማው መግቢያ ላይ የግንባታ ዕቃ የያዘ ከረጢት ያነገተ ሰው ቃሬዛው ሥር ገባ። ደረጄ ይባላል፤ ግንበኛ ነው፤ የሚሠራበት ቤት በግርግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። እንደ እሱ አዝኖ የተሸከመ አላየሁም። አንገቱን ደፍቶ «አይዞሽ» ይለኛል በየመሐሉ።

አላስቻለኝም። «ወንድሜ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ እኮ ነው» አልኩት።

እያዘነ አየኝ። «ይገባኛል እህቴ» አለኝ። «ሐዘን ሲበዛ ያናግራል። እግዜር ያውቃል።»

ድጋሚ ነገርኩት። አጠገቡ ላለው ተሸካሚ «ውሃ ስጣት፣ አእምሮዋን እየሳተች ነው» አለው። ከዚያ በኋላ አፌን ዘጋሁ።

በራችን ላይ አወረዱት። ደረጄ ጋቢውን ሊያስተካክል ጎንበስ ሲል ዕቃው ታየው። ደጃፋችን ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ትከሻው መነቅነቅ ጀመረ፤ እየሳቀ ነው። «ነግረሽኝ ነበር» አለ። «ሁለት ጊዜ ነግረሽኛል።» ሌሎቹ እየሳቁ ሄዱ፤ እሱ ግን ተነሳና ከረጢቱን አነሳ። «ታማሚ ተሸክሜ ደጅ ጥዬ ሄጄ አላውቅም። ሽንት ቤቱ የት ነው?»

አሮጌውን ነቅሎ አወጣ፤ ወለሉን አስተካከለ፤ ከረጢቱ ውስጥ በተረፈችው ሲሚንቶ አዲሱን አስቀመጠ። የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ዕቃ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሥዕል እያየሁ የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። ይህም ይታወቃል፤ ምክንያቱም ሁለቱን ቁልፎች አገለባብጬ ነው የገጠምኩት። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ ትንሿ ለትልቅ ጉዳይ፣ ትልቋ ለትንሽ ጉዳይ ናት። እንግዳ ሲመጣ እናስጠነቅቃለን።

ደረጄ እስኪደርቅ እንዳትቀመጡበት ብሎን ነበርና እማዬ በማግስቱ ነው የሞከረችው። ክንዷን ይዤ አስገባኋት። ያለ እኔ እርዳታ ተቀመጠች፤ ያለ እኔ እርዳታ ተነሳች። ቁልፉን ተጫነች። የወረደውን ውሃ አይታ «በቃ ይቺው ናት?» አለች።

«ይቺው ናት።»

ወደ አልጋዋ ተመለሰች። እኔም ጆጉን ሞልቼ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ማታ ስመለስ ጆጉ ባዶ ነው። እንደ በፊቱ ጎበዝ አላልኳትም። አንዴ ተታልያለሁ።

መንገዱ ሲከፈት ጋቢውን አጥቤ ተፍኪ ወሰድኩ። ኦቦ ገመቹ ከሩቅ አዩኝና «ታማሚዋ እንዴት ናት?» አሉኝ። «የትኛዋ?» ብላቸው ያኔ ሳይስቁ የቀሩትን ሁሉ አንድ ላይ ሳቁት። «ገላቶማ» ብዬ አመስግኛቸው፣ ስለ መሬታቸው ስጠይቃቸው ችካሉ አሁንም እንደቆመ ነገሩኝ። እኔ ጋቢውን መልሼ ከዕዳዬ ስወጣ የእሳቸው ጭንቀት እዚያው ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሳቄ ትንሽ ይቀንሳል።

የዚያ ቀን ወጣቶች ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ቀይ ሹራቡን አንድ ቀን መንገድ ላይ ባገኘው ብዬ እመኛለሁ። እማዬ ዛሬ ያለ ምርኩዝ ትሄዳለች፤ በቃሬዛ የገባችው እሷ እንዳልሆነች ለማያውቅ ሁሉ ታወራለች።

እኔ ግን መዳኗን ያወቅኩት በመሄዷ አይደለም። ከመቀመጫው በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ እንደገና ልብስ ሳሰጣ፣ ዓይኔ ወደዚያ መስኮት ሄደ። ጤናአዳሙ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በውሃ ጥም ሊሞት ደርሷል። ልብሱን ጥዬ አጠገቡ ተንበረከክሁና ከደስታ ብዛት አለቀስኩ። ከዚያ ሄጄ በጆግ ውሃ አመጣሁለት።