ሪትሙን ያጠፋችው እህቴ

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ ወረቀት የነከሰውን ፕሪንተር ለማስለቀቅ ክዳኑን ስከፍት የሞቀ ፕላስቲክና የተቃጠለ አቧራ ሽታ ፊቴን መታኝ። እጄ እዚያው ክዳኑ ላይ ቀረ። ባልደረባዬ "ምነው፣ አቃጠለሽ እንዴ?" አለችኝ። አላቃጠለኝም። የእህቴ ኦርጋን ብዙ ሰዓት ሲጫወት የሚያወጣው ሽታ ነበር። መካነ ሰላም ገበያው ዳር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከበርበሬና ከእርጥብ ጭቃ ጋር ተደባልቆ የማውቀው ሽታ።

ስለዚያ ኦርጋን ላጫውትህ። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እህቴ ጅዳ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታ ተመለሰች። ያኔ ከዐረብ አገር የሚመለስ ሰው ምን እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ወርቅ፣ ቴሌቪዥን፣ አበባ ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱ እኛም ቤት መጣ። ሲገለጥ ግን በውስጡ አንድ ኦርጋን ተጠቅልሎ ተገኘ፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ ትንንሽ ቁልፎች የሞሉበት። እንኳን ደህና መጣሽ ሊል የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ጡረታ የወጣው አባቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አደረገው።

"ይሄ ምን ይሠራል?" አላት።

"ያጫውታል፣ አባባ።"

"ማንን?"

እህቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም። ልጁ አራት ዓመት የሰው ቤት ጠርጋ ይህን ይዛ መምጣቷን ለሰው መናገር አፈረ። ለብዙ ጊዜ ስለ እሷ ሲጠየቅ "ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞር ነበር።

ከተማው ግን ብዙም ሳይቆይ የእሷ ሆነ። ለሠርግ እስላሙም ክርስቲያኑም ይጠራት ጀመር። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስርና ዳሱ ጥግ ትቆማለች። ከዚያ አንዷን ቁልፍ ስትነካት ሪትሙ ይነሣል። ሪትም የምንለው ኦርጋኑ በራሱ የሚመታውን ከበሮ ነው። ዱም ታክ፣ ዱም ታክ ሲል የሙሽራው አጎቶች ሳይቀሩ ከተቀመጡበት ይነሡ ነበር። ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ ይህን ትሠራለች ወይ እያለ የሚያጉረመርም አልጠፋም፤ እሱም ቢሆን ሲያጉረመርም እግሩ ምቱን ይከተላል።

ራሷ የፈጠረችው አንድ ፈጣን ዜማ ነበራት። ስም አላወጣችለትም። ሾፌሮች "ዳገት" አሉት፤ ከደሴ ሲመጡ አቀበት ላይ ካልከፈቱት መኪናው አይወጣም ይሉ ነበር። ከሁሉም የሚወደው አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የከተማው መብራት ማታ ብቻ ስለሚበራ እህቴ ቀን ቀን የምትጫወተው በመኪና ባትሪ ነበር፤ ባትሪውንም በነጻ የሚሞላላት እሱ ነው። "ወላሂ፣ ዳገትን ስከፍት መኪናዬ እንደ ሙሽራ ትከሻዋን ትነቀንቃለች" ይል ነበር።

እኔስ? እኔማ ትምህርት ቤት ውስጥ ስሜ ጠፋ። "የባለኦርጋኗ እህት" ነበርኩ። አስተማሪ እንኳ ሲጠራኝ እንዲያ ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆች ከበው ቀጥሎ የማን ሠርግ ላይ እንደምትጫወት ይጠይቁኛል፤ እኔም እንደ ጸሐፊዋ ሆኜ እመልሳለሁ። በገበያው መሐል ስሄድ አንገቴ ራሱ ረዝሞ ነበር።

ከሠርጉ ሌላ እህቴ የድምፅ ደብዳቤ ትቀዳ ነበር። ያኔ ስልክ ማግኘት መከራ ነው፤ ማንበብ የማይችለውም ብዙ ነው። ስለዚህ ሰው መልእክቱን ካሴት ላይ ይናገርና ወደ ዐረብ አገር በሚሄድ መንገደኛ እጅ ይልካል። በገበያ ቀን ልጆቻቸው ባሕር ማዶ ያሉ እናቶች ከከላላ ሳይቀር መጥተው ደጃፏ ላይ ይሰለፋሉ። "አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ሁላችንም ደህና ነን" ብለው ይጀምራሉ።

ከእነሱ አንዷ በርበሬ የሚሸጡ እናት ነበሩ። ልጃቸው ሪያድ ከገባች ሁለት ዓመት ቢያልፋትም አንድ ቃል አልመጣም። እሳቸው ግን በየገበያው ቀን ይመጣሉ። "ልጄ" ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶው ይቀድማቸዋል። እህቴ ቴፑን ታጠፋለች። ዐይናቸውን በበርበሬ እጃቸው እንዳይነኩ እጃቸውን ይዛ በራሷ ሻሽ ጫፍ ትጠርግላቸዋለች።

በዚያ ዓመት በበጋው መጨረሻ ላይ እህቴ ተለወጠች። ቴፑን በአንገቷ አንጠልጥላ ከተማውን መዞር አመጣች። ገበያ መሐል ትቆማለች። በቅሎዎች ውኃ በሚጠጡበት ታጎነብሳለች። አንድ ከሰዓት ቤት ስገባ ወንበር ላይ ወጥታ ቴፑን ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ አስጠግታ አገኘኋት፤ ውጭ ዝናብ ይዘንባል።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እየቀዳሁ።"

"ማን እየዘፈነ?"

"ማንም።"

ከወንበሩ ወርዳ አጠገቧ አስቀመጠችኝ። "ጅዳ እያለሁ ከእናንተ አንድ ካሴት ደርሶኝ ነበር፣ ታስታውሻለሽ? እናንተ ያላችሁትን ሁለቴ ነው የሰማሁት። ከኋላችሁ ያለውን ግን ካሴቱ እስኪበላሽ ሰማሁት። ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ አባባ ይስላል፣ አንዲት በቅሎ በደጅ ታልፋለች። እቴ፣ እኔ ያለቀስኩት ለዚያች በቅሎ ነው።"

አልገባኝም። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ አሳፈረችኝ።

ሰኔ ሲገባ ትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል አደረገ። እህቴ እንድትጫወት ተጋበዘች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሜዳው ሞልቷል። ተማሪው በአንድ በኩል፣ እናቶች በሌላ በኩል፣ ሾፌሩና ጓደኞቹ ደግሞ አጥሩ ጥግ ባቆሙት መኪና ጭነት ላይ። ድምፅ ማጉያዎቹን ከደሴ ያመጣው እሱ ነው። ፀሐይዋ ለስለስ ያለች ነበረች፤ የረገጥነው ሣር ይሸታል። ርእሰ መምህሩ ስሟን ሲጠራ ሜዳው "ዳገት! ዳገት!" እያለ ተናወጠ።

እህቴ ቴፑን ከፈተች። ከማጉያዎቹ የገበያ ጫጫታ ወጣ። ሰዉ ማሽኑ የተበላሸ መስሎት ሳቀ። ቀጥሎ ዝናብ መጣ፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ቀና ብለው ሰማይ ያዩም ነበሩ። ከዚያ በዝናቡ ላይ የኦርጋኑ ድምፅ ገባ፤ በአምባሰል ቅኝት፣ በጣም ቀስ ብሎ። አንዷን ድምፅ ትይዝና ብቻዋን እስክትደክም ትተዋታለች። ከበሮ የለም፣ ምት የለም።

"ሪትሙ የታለ?" አለ አንዱ።

"ባትሪ ድንጋይ ግዙላት!" አለ ሌላው ከመኪናው ላይ። ሳቁ ሜዳውን ዞረ። የክፍሌ ልጆች ማጨብጨብ ጀመሩ። "ሪትሙን ልቀቂው! ሪትሙን ልቀቂው!"

እኔም ጮኽኩ። ከእነሱ ጋር፣ በሙሉ ድምፄ። ትናንት ሲያከብሩኝ የነበሩ ልጆች ዞረው ሲያዩኝ የምገባበት ጠፋኝና ከእነሱ አንዷ ለመሆን ጮኽኩ። እህቴ ቀና ብላ ወደ እኛ በኩል አየች። ጣቶቿ ግን አልቆሙም።

ተማሪው እየተነሣ ወደ ኳስ ሜዳው ሄደ። ያን ጊዜ ከእናቶች በኩል በርበሬ ሻጯ ብድግ አሉ። እኚያ አንድ ቃል ተናግረው የማይጨርሱት ሴትዮ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "እስኪ ዝም በሉ!" አሉ። "እየሰማሁ ነው።"

እህቴ በቀረው ሰው ፊት እስከ መጨረሻው ተጫወተች። ያጨበጨበ አልነበረም። ብዙ እናቶች ፊታቸውን ሸፍነው ነበር።

ሾፌሩ ማጉያዎቹን ሲጭን አጠገቧ መጣ። "ባትሪሽን ከእንግዲህ ሌላ ሰው ይሙላልሽ" አላት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁ እንደተከዳ ሰው ነበር። "ዳገቴን ቀማሽኝ እኮ።" እህቴ "አልቀማሁህም፣ ካሴቱ እጅህ ላይ ነው" አለችው። እሱ ግን ሌላ አዲስ ዳገት ነበር የሚጠብቀው፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

በማግስቱ ጠዋት ቡና ቤቱ፣ መናኸሪያው፣ የውኃ ወረፋው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ዐረብ አገር አእምሮዋን ነክቷታል ያለ አለ። ሐዘን ቤት እንጂ ሠርግ ቤት አትጠራም ያለ አለ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ሳለሁ አባቴ ሲነሣ ሰማሁ። የሞተውን ባትሪ በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አወጣው። ሞተሩ ባትሪ ወደሚሞላበት ወፍጮ ቤት ለመሄድ ገበያውን ማቋረጥ ግድ ነው። ከጃንጥላ በቀር በእጁ ነገር ይዞ በከተማ የማይታየው አባቴ! ጫማዬን ሳላስር ተከተልኩት። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባው አስቆመው።

"ጋሼ፣ ምን ተሸክመው ነው?"

"የልጄን ሥራ" አለና አለፈ።

አባቴን ወፍጮ ቤቱ ደጅ ትቼ እህቴ ክፍል ስደርስ በርበሬ ሻጯ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። "ያንን የትናንቱን ቅጂልኝ" ይላሉ። "ሪያድ የምትሄድ ልጅ አግኝቻለሁ። የኔን ድምፅ አትጨምሪው፣ መቼም አልቅሼ ነው የማሳቅቃት። ይሄን ብቻ ትስማ።" እህቴ ስትለማመድ ቀድታው የነበረውን ካሴት ሰጠቻቸው። ካሴቱን በመቀነታቸው ቋጥረው ሲወጡ በሩ ላይ ተገጣጠምን፤ ጉንጬን ሳሙኝና "እንዲህ ያለች እህት አለችሽ!" አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ መቆም አልቻልኩም። "እኔም ጮኼ ነበር" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች፣ ገመድ እየጠቀለለች። "ከሁሉም ያንቺ ድምፅ ቀጭን ነው፣ ተለይቶ ይሰማል።"

አለቀስኩ። ገመዱን ሰጠችኝና "በይ ይሄን ፍቺልኝ፣ ተወሳስቦብኛል" አለች። የነገሩ መጨረሻ ይኸው ሆነ፤ ከዚያ በኋላ አንሥታብኝ አታውቅም።

ሁሉም ተመለሰላት ብዬ አላታልልህም። የሠርግ ጥሪ ቀነሰ። ሾፌሩ አንድ የደሴ ኦርጋን ተጫዋች ካሴት ይዞ መጣ፤ ጥሩ ምት ነበረው። ካሴቷ ግን በመንገደኞች ሻንጣ እየገባ ሄደ፤ ጅዳ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት። ከሪያድ የተመለሰች አንዲት ልጅ እንደነገረችን፣ የአገራችን ሴቶች ዕረፍት ሲያገኙ የሚሰበሰቡባት ክፍል ውስጥ ይከፍቱታል። "ይሄ የእኛ ቤት ቆርቆሮ ነው" ትላለች አንዷ። "ውሸት፣ ይሄ የአቀስታ ዝናብ ነው፣ ብርዱ ይሰማኛል" ትላለች ሌላዋ። "አጥፉትና ዳገትን ክፈቱልን፣ ያለቀስነው ይበቃናል" የሚሉም አሉ። እህቴ ይህን ስትሰማ በጣም ሳቀች። "ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የኔ ነው" አለች። ዛሬ ኮምቦልቻ ልጆች ታስተምራለች፤ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም። ሰው ስለ እሷ ሲጠይቀኝ ወሬውን ወደ ዝናብ አላዞርም። የዚያች ሴት እህት ነኝ እላለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ።

በርበሬ ሻጯ መልስ ያገኙት በዓመቱ ነው። አንድ መንገደኛ ትንሽ ካሴት አመጣላቸው። ወደ እህቴ ክፍል ሲሮጡ ገበያው ሁሉ አየ። ቴፑ ላይ አደረገችላቸው፤ ሦስታችንም ጎንበስ አልን። የሚናገር ሰው የለም። ቧንቧ ይፈስሳል፣ ሳህን ይጋጫል፣ የሰው አገር ሕፃን ያለቅሳል። ከኋላ የሆነ ነገር ያለማቋረጥ ያጓራል። ጎኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ድምፅ፣ በጣም ቅርብ ሆኖ፣ "እማ" አለ። ካሴቱ ቆመ።

እሳቸው ዐይናቸውን ከቴፑ አላነሡም። አላለቀሱምም።

"ያ ከኋላ የሚያጓራው ምንድን ነው?"

"ቤቱን የሚያቀዘቅዝ ማሽን ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያ አልሞቃትም" አሉ። "አልሐምዱሊላህ። ልጄ ሙቀት አትችልም።"

ከዚያ ቁጭ አሉና ካሴቱን ወደ መጀመሪያው እንድትመልስላቸው በእጃቸው አመለከቷት።