ከአስራ ሁለት እስከ አንድ ቤት ናት

ቀጭኔ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው። በአስራ ሦስት ዓመቷ ድንገት ተመዝዛ እሱን ታላቋን በአንድ ራስ ስትበልጠው ንዴቱን የተወጣው በዚህ ነበር። ስሙ ተጣብቆባት ቀረ፤ ቁመቷም መተዳደሪያዋ ሆነ። ቴኒስ ተጫዋች ሆነች። አንደኛ አልሆነችም፣ አስረኛም አልሆነችም። ከዓለም ስልሳ አራተኛ የሆነችበት ጊዜ አለ፤ እሱም የቆየው አምስት ሳምንት ነው። ደስ ብሏት ለወንድሟ ስትነግረው «ስልሳ ሦስቱ እነማን ናቸው?» አላት።

ስልሳ አራተኛ መሆን ዝና አያመጣም፤ መርማሪ ግን ያመጣል። የአበረታች መድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ የገባ ተጫዋች ነገ የት እንደሚያድር፣ የት እንደሚለማመድ፣ ከቀኑም ውስጥ በየትኛዋ አንድ ሰዓት ያለ ምንም ሰበብ እንደሚገኝ ስልኩ ላይ ባለው ቅጽ መሙላት አለበት፤ ዓመቱን ሙሉ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። የሕንፃው ስም፣ ፎቁ፣ የበሩ ቁጥር፣ ደወሉ ከተበላሸም በየት በኩል ማንኳኳት እንደሚሻል ሳይቀር ይጻፋል። መርማሪ በዚያች ሰዓት መጥቶ ካጣው አንድ ተብሎ ይያዝበታል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ከሞላ፣ አንዲት ክኒን በአፉ ባትዞርም ከጨዋታ ይታገዳል፤ ስሙም ከአጭበርባሪዎቹ ጋር አብሮ ይነሳል። ቀጭኔ ይህን ቅጽ አስር ዓመት ሞልታለች። የመረጠችው ከጠዋቱ አስራ ሁለት እስከ አንድ ያለውን ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰው መቼም ከአልጋው አይጠፋም ብላ።

አንድ ሰሞን ሊያገባት ያሰበ የጥርስ ሐኪም ነበር። «የት ነሽ?» ብሎ ሲደውልላት ለራሷም የሆቴሉ ስም ጠፍቶባት ቅጹን ከፍታ ታነብለት ነበር። አንድ ቀን «ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁሻል» አላት። ቀልድ መስሏት ሳቀች። እሱ ግን አልቀለደም፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ አገባ። ዛሬም ነገሩ ትዝ ሲላት የሚቆጫት መሳቋ ነው።

ከዘጠኝ ወር በፊት የቀኝ ትከሻዋ እምቢ አላት። የአጥንት ሐኪሙ የራጅ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳያትና፣ ዕቃ ለማንሳት፣ ፀጉር ለማበጠር፣ ልጅ ለማቀፍ ይበቃሻል፤ ለቴኒስ ግን አብቅቶለታል አላት። አላለቀሰችም። ራኬቶቿን ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወርውራ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ባለ አንድ መኝታ ቤቷ ከተተች። ቤቱ ከተገዛ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከሁለቱ የኩሽና ወንበሮች አንደኛው ላይ የተለጠፈው የፋብሪካው ወረቀት ግን ገና አልተላጠም ነበር። አሰልጣኟ ሌላ ልጅ ይዞ ሄደ። የጨዋታ ጓደኞቿ በየሳምንቱ አገር ይቀያይራሉ፤ መልእክት ስትልክላቸው ሁለት ቃልና አንድ የሳቅ ምልክት ይመልሱላታል።

የቀራት ነገር ቢኖር መጫወት ማቆሟን ለተቆጣጣሪዎቹ በደብዳቤ ማሳወቅ ነበር። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ስሟ ከዝርዝሩ ይወጣል፣ ቅጽ መሙላቱም ያበቃል። ወንድሟ በደወለ ቁጥር ይጨቀጭቃታል።

«አንቺ ልጅ፣ ጻፊና ተገላገይ እንጂ! የእስር ቤት ቆጠራ አደረግሽው እኮ።»

«ብመለስስ? አንዴ ከወጣሁ በኋላ ልመለስ ብል ስድስት ወር ጠብቂ ነው የሚሉኝ።»

«በየትኛው ትከሻሽ ነው የምትመለሺው?»

እውነቱን ለእሱ መናገር አሳፈራት። በዚህች ምድር ላይ ነገ የት ታድሪያለሽ ብሎ የሚጠይቃት ያ ቅጽ ብቻ ነበር።

በሯን የምታንኳኳው ሁልጊዜ አንዲት መርማሪ ናት፤ ስልሳውን ያለፈች፣ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ፣ ደረጃውን ጉልበቷን እያሻሸች የምትወጣ። ሥራው የራሱ ሥርዓት አለው። ተጫዋቹ ሽንቱን እስኪሰጥ ከመርማሪው ዓይን አይርቅም፤ መርማሪውም ከተጫዋቹ ጋር ወዳጅነት እንዲገጥም አይፈቀድለትም። ስለዚህ ተጫዋቾች ሁሉ አንድ ልማድ አላቸው፦ ያቺ ሰዓታቸው እስክታልፍ ሽንታቸውን ይይዛሉ። መርማሪ ከመጣ ቶሎ ሰጥተው፣ ፈርመው፣ ሸኝተው ወደ አልጋቸው። ካልመጣ ሩጫ ወደ መጸዳጃ ቤት። ቀጭኔም አስር ዓመት ሙሉ እግሯን አነባብራ ጠብቃለች።

ትከሻዋ ከተጎዳ በኋላ ግን አንድ ጠዋት ተዘናግታ ገና በአስራ አንድ ተኩል ሸናች። አስራ ሁለት ከሩብ ላይ በሩ ተንኳኳ። መርማሪዋ ገብታ ሻንጣዋን አስቀመጠች፤ ቀጭኔ ግን ጠብ የሚል ነገር አልነበራትም። ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ጠበቁ። ሠላሳ ዓመት ሴቶች አምጠው እስኪገላገሉ የጠበቀች ሴት ለሽንት አትቸኩልም። ከራሷ ፔርሙስ ሻይ እየቀዳች ስለ ጉልበቷ አወራች፣ ስለ አውቶቡሱ ሹፌር አወራች፣ መብራት በጠፋበት ቀን ስላዋለደቻቸው መንትዮችና የትኛው ቀድሞ እንደወጣ ስላልታወቀበት ግርግር አወራች። ቀጭኔ ጎኗን እስኪያማት ሳቀች። መርማሪዋ ከሄደች በኋላ ወንበሩን ወደ ቦታው ሳትመልሰው ዋለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አውቃ ታደርገው ጀመር። በየጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ተጣጥባ፣ ሁለተኛውን ወንበር ጠርጋ፣ ሽንቷን ሸንታ ትቀመጣለች። ሃምሳ ቀን ማንም አልመጣም። በሃምሳ አንደኛው መርማሪዋ መጣች፤ እንደገና ሁለት ሰዓት ተጨዋወቱ። ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ሃምሳ ጠዋት መጠበቅ እብደት ነው የሚል ካለ፣ ይበል፤ እሷ አልበዛባትም።

በሦስተኛው ጊዜ ግን ስስት ያዛት። ቀድሞ መሽናቱ አላረካ ብሏት ውሃውን በላይ በላዩ ትጨልጥ ጀመር። ውሃ ውሃ ያለ ሽንት ተቀባይነት የለውም፤ መርማሪዋ በትንሿ መለኪያ አይታ ቀጥኗል ካለች እንደገና መጠበቅ ነው። የመጀመሪያው ቀጠነ። ሁለተኛውም ቀጠነ። ረፋዱ አራት ሰዓት ሆነ። ሌላ ብርጭቆ ልትቀዳ ስትነሳ መርማሪዋ የብርጭቆውን አፍ በመዳፏ ከደነችው።

«ተይ።»

«ጠምቶኝ እኮ ነው፣ እትዬ።»

«አልጠማሽም። ስድስት ዓመት አውቅሻለሁ፤ በሩን ስትከፍቺልኝ እጄን ይዘሽ ወደ መጸዳጃ ቤት የምትጎትቺኝ ልጅ ነበርሽ። አሁን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ባዶሽን ጠበቅሽኝ፤ ዛሬ ደግሞ ጎርፍ ሆንሽ። እንዲህ የሚያደርገው አንድ ነገር ከሰውነቱ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው ነው። የዛሬውን ሳልጽፍ አላልፍም።»

ቀጭኔ ክው አለች። በእጇ የቀረው ሀብት ስሟ ብቻ ነበር። ዋንጫ የላትም፣ ያጨበጨበላት ሕዝብ ረስቷታል፤ ግን በአስራ አራት ዓመት ጨዋታ ማንም ጣቱን ቀስሮባት አያውቅም። ያንን በሁለት ጆግ ውሃ ልታጣው ነው።

«ምንም አልወሰድኩም» አለች።

«እሱን ሽንትሽ ይናገራል። እኔ የምጠይቅሽ ለምን ብዬ ነው።»

«እኔ...» ብላ ጀመረችና ተወችው። መርማሪዋ ጠበቀች፤ መጠበቅ ታውቅበታለች። ከዚያ የምርመራውን ወረቀት ገፋ አደረገችላትና ከግርጌው አስተያየት የሚለውን ሳጥን በጣቷ አሳየቻት። ቀጭኔ ያንን ሳጥን አስር ዓመት ባዶውን ነበር የምትመልሰው። ብዕሩን አንስታ ጻፈች፦ «ውሃውን ያበዛሁት ሆን ብዬ ነው። መጫወት ካቆምኩ ዘጠኝ ወር ሆኖኛል። ሰው ትንሽ እንዲቆይልኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

መርማሪዋ አነበበች። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች፣ እንደገና አነበበች። ከሥሩ ፈረመች።

«ደብዳቤውን ጻፊ፣ ልጄ። ዛሬውኑ። በዚህ ከቀጠልሽ ያ ሁሉ ዓመት ገደል ይገባል።»

«ከጻፍኩ አይመጡም።»

«አልመጣም። አድራሻሽም ከእኛ ዘንድ ይጠፋል።»

«እንደ ሰውስ ቢመጡ? ያለ ሻንጣ?»

«ሠላሳ በር ነው የማንኳኳው» አለች መርማሪዋ ቀስ ብላ። «እንዳንቺ ብቻውን የተቀመጠ አንድ ብቻ አይምሰልሽ። በሁሉም ቤት እንግዳ ልሁን ብል እኔ የትኛው ቤት ልደር?»

ክፉ ልትሆንባት ብላ አልነበረም፤ ቀጭኔም ይህ ገብቷታል። ሦስተኛው ናሙና ልኩን ያዘ። መርማሪዋ ጠርሙሶቹን አሽጋ፣ ሻንጣዋን ዘግታ፣ ደረጃው አፍ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ትከሻሽን ብርድ አታስመቺው» አለቻትና ወረደች።

ቀጭኔ ደብዳቤውን የዚያኑ ቀን ላከች። አራት መስመር ነበር። ከወር በኋላ ሁለት መልስ መጣላት። አንደኛው ሽንቷ ንጹሕ ስለሆነና ማብራሪያዋም ስለተመረመረ ነገሩ መዘጋቱን ይገልጻል። ስሟ ተረፈ። ሁለተኛው አጭር ነው፤ ስለ ትብብሯ ካመሰገናት በኋላ ከዛሬ ጀምሮ ያሉበትን ቦታ ማሳወቅ አይጠበቅብዎትም ይላል።

የዚያን ቀን የድሮ የምርመራ ወረቀቶቿን ቅጂ ዘርግታ የመርማሪዋን ስም ፈለገች። በሁሉም ላይ ያለው አንድ ዓይነት የተጠማዘዘ ፊርማ ነው፤ ሊነበብ አይችልም። ያቺ ሴት የእሷን አልጋ፣ የበሯን ቁጥር፣ የደወሏን ብልሽት ሳይቀር ስድስት ዓመት ታውቅ ነበር። እሷ ግን ሴትየዋ የምትወርድበትን ፌርማታ እንኳ አልጠየቀቻትም።

በማግስቱ እንደ ልማዷ ነቃች። ተጣጠበች፣ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ ቅጹ አልከፈት አለ። አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን ለወንድሟ ደወለች፤ በሁለተኛው ጥሪ ደንግጦ አነሳው።

«ምነው ቀጭኔ? ደህና አይደለሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ቤት ነኝ ልልህ ነው።»

ማዛጋቱ በስልኩ ተሰማት። «እና የት ትሆኛለሽ ታዲያ?» አላት፣ ሳቅ ብሎ፤ ልጆቹን ለትምህርት ቤት ሊቀሰቅስ ዘጋው።